ለጋሼ በድሩ ማን ይመልስላቸው?

አካም ጅርቱ! እንደምን ዋላችሁ! ለማታውቁኝ አዲስዓለም እባላለሁ። የጋሼ በድሩን የጡረታ መሸኛ ንግግር አንቺ አድርጊ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን ምን እንደምል ግራ ገብቶኛል። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ጋሼ በድሩ ወደኛ የእንስሳት ጤና ቢሮ የመጡ ዕለት፣ ከመድኃኒት ክፍሉ ሁለት ሰው ሲከራከር ይሰማኛል። አንዱ በአማርኛ፣ "ይሄ ፍሪጅ በኔ እጅ አይሠራም፣ አልችለውም" ይላል። ሌላው በኦሮምኛ፣ "ኒ ደንዴሳ፣ ጀባዹ!" ይለዋል፤ ትችላለህ፣ በርታ ማለቱ ነው። እንግዶች ናቸው ብዬ ሁለት ሻይ አስይዤ ገባሁ። ጋሼ በድሩ ብቻቸውን! "ሌላው ሰውዬ የት ሄደ?" ብላቸው፣ "የቱ ሰውዬ?" አሉኝ። ሻዩን ግን ሁለቱንም ጠጡት።

ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ! ሾፌራችን ኢርፋን ምስክሬ ነው። የባቲን መንገድ ስንወርድ "ተው፣ ቀስ በል፣ አትቸኩል" ሲሉ ሰማና መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው። "ምን ሆንክ?" አሉት። ለካ ለራሳቸው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ኢርፋን ይንዳ ይቁም አያውቅም።

እኔም ብሆን አልተረፍኩም። ሰንበቴ ገበያ ላይ ግመል ከረገጠኝ በኋላ፣ ወደ መስክ ውጪ በተባልኩ ቁጥር "እኔ የመስክ ሰው አይደለሁም" እያልኩ ወንበሬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አንድ ቀን ጋሼ የቢሮዬ በር ላይ ቆሙና፣

"ማነው እንዲህ ያለሽ?" አሉኝ።

"እኔው ነኛ! ግመል ረግጦኝ የለ እንዴ?"

"እንግዲያው 'ግመል ረግጦኛል' በይ፤ እሱ እውነት ነው። የቀረውን አንቺ ነሽ የጨመርሽበት።"

ተናደድኩ። የግመሉን እርግጫ እሳቸው አልቀመሱት! ነገሩ ግን ሲከነክነኝ አደረ፤ በማግስቱ መኪናው ላይ ወጣሁ። "አዲስዓለም፣ በርቺ፣ ይሆንልሻል" እያልኩ ከብቶቹን ከተብኩ። ባለከብቱ "ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" ብሎ ጠየቀ። እኔስ መች አወቅሁ! ፍርሃቱ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ሥራውን ግን እየሠራሁ ነው። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። እርስዎ ባይኖሩ እስካሁን እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ትናንት ታዲያ ዕቃዎን ሲሰበስቡ በሩ ላይ ነበርኩ። "በድሩ፣ እንግዲህ አበቃልህ፣ ከእንግዲህ ለማንም አትጠቅምም" ሲሉ ሰማሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። ያ በኦሮምኛ የሚመልሰው ሰውዬ ድምፁ ጠፋ። ወይ ጉድ! ለኛ ሁሉ ያደሉትን ቃል ለራስዎ ሲያጡት እንዴት ነው ነገሩ? እኔ ጭራሽ አልገባኝም። በሰው ፊት ማንሳቴ ድፍረት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ሆዴ አልችል አለ።

በሉ ለስላሳችሁን አንሱ፣ ለጋሼ በድሩ! አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ከባለቤትዎ ከእትዬ ዘይናና ከልጆችዎ ጋር በደስታ ያኑርዎ። አሚን በሉ እንጂ! ያ ክፉ ሐሳብ ቤትዎ ድረስ ቢከተልዎት፣ መላሹም እንደ ትናንቱ ዝም ቢልብዎ፣ ለኔ ይደውሉልኝ። ኦሮምኛዬ እንደሚያስቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ እመልስልዎታለሁ።