የሼህ እንድሪስ ልጅ የኮሌጅ ምርጫ

ልብስ ሰፊው ሙሄ ያን የአባትና የልጅ ጭውውት ሲያስታውስ ግማሹ ይጠፋዋል። ዘመኑ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ ማብቂያ ግድም፣ ቦታውም ከሚሴ፣ የደሴ አውቶብስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ያለችው የሱ በረንዳ መሆኗን ግን አይስተውም። ሼህ እንድሪስ ልጃቸው ዑመር ለቢሮ ሥራ የሚለብሰውን ኮት ሊያሰፉ ጨርቅ ይዘው ተቀምጠው ሳለ፣ ልጁ ራሱ ከአውቶብስ ዱብ አለ። ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ፈተናውን አልፎ መምጣቱ ነው።

«አባ፣ አሰላሙ ዐለይኩም! ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተቀበለኝ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። የምን ኮሌጅ አልክ?»

«የእርሻ።»

ሼሁ ወደ ሙሄ ዞሩ። «ሰማህልኝ? ከሞፈር ያወጣሁት ልጅ ሞፈር ሊማር ሐረርጌ ይሻገራል! ያ ኢልመኮ፣ ልጄ፣ የጎረቤታችን የሙሀመድኑር ልጅ አዲስ አበባ ጸሐፊ ሆኖ ከረባት አስሯል። ላንተም እዚያው ቦታ ተገኝቶልሃል። ሰው ምን ይለኛል? እንድሪስ አስተምሮ አስተምሮ ገበሬ አወጣ ይሉኛል።»

ሙሄ የስፌት መኪናውን አቆመ። በሰው ነገር መግባት አይወድም፤ ማዳመጥ ግን ይወዳል። ዑመር ያለ አባቱ ዱዓና ምርቃት ንቅንቅ እንደማይል ስለሚያውቅ ልቡ ለልጁ ተንጠለጠለ።

ዑመር ከአባቱ እግር አጠገብ ቁጭ አለ። «አባ፣ አንቱ የዐረብኛውን ሰዋስው ቀርተው የተማሩት የት ነው?»

«ራያ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነዋ!»

«እዚህ ቅርብ ሼህ ጠፍቶ?»

«ኧረ ሞልቶ! እነሱ የሚያቀሩት ሌላ ትምህርት ነበር። ተማሪ፣ ደረሳ እኮ ሼሁን የሚመርጠው በሚያስተምረው ኪታብ ነው እንጂ በቅርበ...» ሼሁ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸውና ፂማቸውን ያዝ አደረጉ። «አሃ! ደሴ ያስተማሩህ ይሄን ነው? አባትህን በራሱ ቃል መርታት?»

«ይሄንንስ ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። የጸሐፊነቱን ሥራ ዛሬ ብይዘው ደሞዝ አገኛለሁ፤ ግን ልቤ በሌለበት ወንበር ላይ ዕድሜዬ ያልቃል። አምና ማሽላችን ውስጡን በትል ተበልቶ ሲወድቅ ምን አደረግን?»

«ዱዓ አደረግን! ዱዓን ታቃልላለህ?»

«አስተግፊሩላህ! ዱዓውን አንቱ ያድርጉ፣ ስለ ትሉ እኔ ልማር።»

ሙሄ ሳቁ አመለጠው። «ሼህ እንድሪስ፣ በአላህ፣ እኔ ኮት ስሰፋ የምለካው የሚለብሰውን ሰው ነው፤ የጎረቤቱን ልጅ አይደለም።»

«አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ስፋ!» አሉ፤ ቁጣቸው ግን ላልቷል። «ሥጋውስ? እዚያ በማን እጅ ይታረዳል?»

«ሐረር ለኮሌጁ ቅርብ ነው፣ የሙስሊም አገር ነው። ካልተመቸኝም ሽሮ አላጣም።»

እውነትም የወጣት ትምህርት በሰፈር ወሬ ወይም ፈጥኖ በሚመጣ ደሞዝ ሊመረጥ አይገባውም። ዝንባሌውን የመረመረ፣ አገሩ የጎደላትን ያየ፣ አዋቂ የት እንዳለ ጠይቆ የሄደ ልጅ፣ ለራሱ የሚወደውን ሥራ፣ ለመንደሩም እህል የሚያተርፍ ዕውቀት ይዞ ይመለሳል። ወላጅም የሚኮራው ያኔ ነው።

ሼህ እንድሪስ ጨርቁን አጣጥፈው አጠገባቸው አኖሩ። ከዚያ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ።

«አብሽር፣ አይዞህ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ የመስጊዱን ጀመዓ ይዤ ዱዓ አስደርግልሃለሁ። ልጄ እርሻ ሊማር ነው ብዬም በሁሉ ፊት እኔው በአንደበቴ እናገራለሁ። ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት።»