ሊቆረጥ የነበረው ግራር

ሸዋ ሮቢት አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ካቦ ሆኜ ተቀጥሬ፣ ከደብረ ብርሃን ብርድ በወረድኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ለቃሚዎቹ እኩለ ቀን ላይ ሥራ አቁመው ግራር ሥር ተጋድመው አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀን ማረፍ የለም! የሚያዘናጋችሁ ግራርም ዛሬውኑ ይቆረጥ!» አልኩ። ሽማግሌው ለቃሚ ጋሼ ሙሄ «ጌታዬ፣ የቆላ ፀሐይ እኮ...» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። «እኔ ከቆምኩ እናንተን ምን ያስተኛችኋል?» ብዬ፣ ለጉራ ባርኔጣዬን አውልቄ ማሳው መሀል ተገተርኩ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የሚፈሰውን ውሃ ነው። ለካ ተዘርሬ ኖሯል! ዐይኔን ስገልጥ ያው ግራር ከላዬ ነው። አንዷ ለቃሚ በነጠላዋ ታራግብልኛለች፤ ሌላው «ቢስሚላሂ» እያለ ውሃ ያጠጣኛል። ጋሼ ሙሄ መጥረቢያ ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል። በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ አሁን እንቁረጠው ወይስ እስኪነሱ እንጠብቅ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይዋ እስክትበርድ ሁላችንም እዚያው ማረፍ ጀመርን። ሥራ ይጎድላል ብዬ ስሰጋ፣ አመሻሽ ላይ እጃቸው እንደ ማለዳው እየፈጠነ ጆንያው ሞልቶ ይተርፍ ጀመር። ባለ እርሻው መጥተው የተከመረውን ጥጥ ሲያዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «ጎበዝ! ሠራተኛ እንዲህ ነው ቀጥቅጦ መያዝ!» አሉኝ። እኔም አፍ አውጥቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ጋሼ ሙሄ ቀና ብለው ግራሩን አዩ፤ እኔ መሬት መሬቱን።