ማዕድ ለይተን ደም የተጋራን ጊዜ

በእኛ ጊዜ ንዳድ እንላለን እንጂ ወባ አንልም ነበር፤ ንዳድንም እንደ ሰው ነበር የምንፈራት። ‹ንዳድ ቆላ ተቀምጣ ደገኛ ትጠብቃለች› ይባላል። ታዲያ ከምን እንደምትመጣ ብትጠይቁ ሁሉም መልስ አለው። አንዱ ‹ከተከዜ ጭጋግ ነው› ይላል፣ አንዱ ‹ጥንቅሽ፣ ያን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ፣ የመጠጠ ነው የሚይዘው› ይላል፣ እና እናቴ ማሽላ ልንጠብቅ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ተከዜው ቆላ፣ ስንወርድ ‹ጥንቅሽ ብትነኪ ወዮልሽ!› እያለች ትቆጣኝ ነበር። ጥንቅሽ ሳልነካ ስንቴ እንደ ወንፊት ተንዘፈዘፍሁ መሰላችሁ! ስንቴ!

ይህ የምነግራችሁ ግን የጥንት አይደለም። አንቺ አትሳቂ፣ አንቺም ተወልደሽ ነበር። አጎበር ከታደለን በኋላ ነው። ልጄ ትርንጎ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፣ ባልዋ ሰቆጣ ለቀን ሥራ ወጥቷል፣ እና እኔና እሷ፣ ደግሞ ዋርሳዬ ኪሮስ፣ የባሌ ወንድም ማለቴ ነው፣ ሦስታችን ከሰቆጣ ዙሪያ ወርደን ማሽላው ዳር ዳስ ጥለን ተቀመጥን። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያ እርሻ የቆመው በኪሮስ ጉልበት ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ታዲያ ኪሮስ ታመመ። አንድ ቀን ይንቀጠቀጣል፣ የወፍ መጠበቂያው ማማ ሁሉ አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል፣ በማግስቱ ደህና ሆኖ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ያባርራል፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና። ‹ዛሬ ተራዋ ነው› ይላል፣ ‹ዛሬ ተራዋ አይደለም› ይላል፤ እንደ ገበያ ቀን ነው የሚያውቃት። ‹ጤና ጣቢያ ሂድ› ስለው ‹ማሽላውን ለወፍ ሰጥቼ?› ይለኛል።

እኔስ ምን አደረግሁ? የማፍርበትን ልንገራችሁ። ማዕድ ለየሁበት። አዎ፣ ማዕድ ለየሁበት። ዕድሜያችንን ካንድ ገበታ የቆረስን ሰዎች፣ የሱን ምግብ ለብቻው በሳህን አወጣሁ፣ የሚጠጣበትንም ቅል ለየሁ።

‹ምነው እቴ?› አለኝ።

‹ትርንጎ ነፍሰ ጡር ናት› አልሁት።

‹እና እኔ ምን አደረግኋት?›

‹በአፍ ይተላለፍ እንደሁ ማን ያውቃል?›

ሳህኑን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን በላ።

ታዲያ ማዕዱን ለየሁ እንጂ መኝታውን አልለየሁም። ቆላ ነው፣ ዳሱ ውስጥ ይታፈናል፣ እና ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምረን ሦስታችንም ደጅ ላይ ጎን ለጎን ነን። አጎበሩስ? አትሉኝም? አጎበሩን ማሽላው ተከናንቦታል! ቀድሞ የደረሰውን ቆርጠን ከምረን፣ ወፍ እንዳይለቅመው ብለን ክምሩን አልብሰነዋል። ማሽላው እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ እኛ እርቃናችንን!

ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ትንሽም ይበልጣል። አንድ ጠዋት ትርንጎ ‹እማዬ በረደኝ› አለች። በዚያ ፀሐይ! እኔ ደሜ ፈላና ‹ከኪሮስ ቅል ጠጥተሻል!› ብዬ ጮህሁባት።

‹በማርያም አልቀመስሁም!› ትላለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

‹ጠጥተሻል!›

‹አልጠጣሁም እማዬ!›

በማግስቱ ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጣ። ግንባሯን ላብስ ብጠጋ እጄን ገፋችና ‹አንቺ ማነሽ?› አለችኝ። እናንተ! የወለድኋት ልጅ ‹አንቺ ማነሽ?› አለችኝ።

ኪሮስ ይህን ሰማ። ከማማው ወረደ፣ ሁለት እንጨት ቆረጠ፣ በጋቢው ቃሬዛ ሠራ። ጎረቤቶች ሲጠሩ መጡና አንዱ ‹አንተ ራስህ በሽተኛ አይደለህም እንዴ?› አለው። ‹ዛሬ ተራዋ አይደለም› አለና የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ያዘ። እና ያን ዳገት፣ እናንተ የምታውቁትን ዳገት፣ አራት ሆነው እየተቀባበሉ ወጡት፤ ኪሮስ ግን ጫፉን ለማንም አልለቀቀም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጤና ጣቢያ ደረስን።

ጣቷን ወጉ፣ ደሟን ስስ መስታወት ላይ ቀቡ፣ አዩና ወዲያው በደም ሥሯ መርፌ ሰጧት። ነርሷ ከጎንደር በኩል የተመደበች ልጅ ናት። ‹ትድናለች ወይ ልጄ?› አልኋት። ‹እማማ፣ አሁን አላውቅም። ትናንት ብታመጧት ይሻል ነበር። ነገ እነግርዎታለሁ› አለችኝ። አልዋሸችኝም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ‹አብሯችሁ የታመመ ሰው ነበር?›

‹ነበር።›

‹ሦስት ሳምንት ገደማ አልፎታል አይደል?›

ደነገጥሁ። ‹ማን ነገረሽ?›

‹ትንኟ።›

‹ትንኝ? የላም ዓይን ላይ የምታርፈዋ?›

‹እሷማ ቀን ነው የምትውለው፤ እሷ አይደለችም። ቢምቢ የሚሏት፣ ሲመሽ የምትመጣዋ። የታመመውን ትነክሳለች፣ ከደሙ ጋር በሽታውን ትጠጣለች። በሆዷ ዐሥር ቀን ገደማ ይበስልና ወደ ምራቋ ይወጣል። ከዚያ ጤነኛውን ስትነክስ በምራቋ ታጎርሰዋለች። ሰውየው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም በላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ቢደምሩት የእርስዎ ሦስት ሳምንት ነው።›

ታጎርሰዋለች! ሰምታችኋል? እኔ ጉርሻ ስከለክል እሷ ከኪሮስ ገበታ ዘግና ልጄን አጎረሰቻት!

‹ከቅል አይተላለፍም?› አልሁ። ‹አይተላለፍም።› ‹ከማዕድ?› ‹አይተላለፍም።› ‹ከጥንቅሽስ?› ይሄኔ ፈገግ አለች። ‹ጥንቅሽ በሚደርስበት ወራት ዝናቡ ያቆረው ውኃ አለ፣ ትንኟም ያን ጊዜ ትበዛለች። ጊዜያቸው ገጠመ እንጂ ጥንቅሽ ምን በደለ?›

‹ወንድ ሴቱ ሁሉ ነው የሚነክሰው?›

‹ሴቷ ብቻ ናት። እንቁላል ልትጥል ደም ያስፈልጋታል።›

‹ወንዱስ?›

‹ወንዱ አበባ እየቀሰመ ይኖራል።›

‹ያው እንደኛዎቹ!› አለች አጠገቤ ተራ የምትጠብቅ ሴት። በዚያ ጭንቅ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ደረቀብኝ። ለካ ትንኟም ስለ ልጆቿ ብላ ነው፤ የኔዪቱ ደግሞ ልጇን በሆዷ ይዛ እዚያ ወድቃለች።

የላቦራቶሪው ሰውዬ በር በሩን ስመለከት አየኝና ‹ይምጡ፣ ይዩት› አለኝ። ማይክሮስኮፕ ይሉታል። መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ሽፋሽፍቴን ነው። ‹ራስዎን ትንሽ ያንሱ› አለኝ። አነሳሁ። እናንተ! የልጄ ደም ክብ ክብ ሆኖ እንደተበተነ እህል ተዘርግቷል፣ ከክቦቹም ባንዳንዱ ውስጥ ቀለበት አለ። ቀጭን ቀለበት፣ አናቷ ላይ ፈርጥ ያላት፣ አንጥረኛ የሠራት የምትመስል። ‹ይቺ ናት?› አልሁ። ‹ይቺ ናት› አለ። እንዴት እንደምታምር ብነግራችሁ ኃጢአት ይሆንብኛል። ሰው የምታንዘፈዝፈው፣ ልጅን እናቷን የምታስረሳው፣ ይቺ በዓይን የማትታይ ቀለበት! ስንት ዘመን ከእኛ ጋር ስትኖር እሷ ታየናለች እንጂ እኛ አንድ ቀን አላየናትም።

ነርሷ በነጋው መጥታ ‹አሁንም አላውቅም› አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ዓይኗን ገለጠችና ‹እማዬ ራበኝ› አለች። እማዬ አለችኝ! ቀጥላም እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው፤ ጽንሱ ይራገጣል። ለኪሮስም ኪኒን ተሰጠው፣ ቆጥሮ ጨረሰው።

ታዲያ እኔ የሰማሁትን ሳላይ አላምንም። ተመልሼ ወንዙ ዳር ወረድሁ። ከብት የረገጠው ኮቴ ውኃ ቋጥሯል። ጎንበስ ብዬ ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ እና የትንኟን ልጆች አየኋቸው፤ እንደ ስንጥር ውኃው ፊት ላይ ተጋድመዋል። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም ባንዴ ጠለቁ። ባንዲት ኮቴ ውስጥ ይህ ሁሉ! ከዚያ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዳሱ ምሰሶ ላይ አንዷ አረፈች። ራሷን ደፍታ፣ ቂጧን ወደ ሰማይ ቀስራ፤ ነርሷ በኋላ መለያዋን እንደነገረችኝ። ከምስር ፍሬ አትከብድም። እንደ ሰጋጅ ተደፍታ ሳያት እጄን አንስቼ ለመምታት እንኳ ዘገየሁ። በኋላ መታኋት እንጂ! እና ወዲያው ሄጄ ማሽላውን አጎበሩን ገፈፍሁት።

የቀረኝ ኪሮስ ነበር። እንደ ደንባችን ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ማሽላ ሲያጭድ ሄድሁበት።

‹ዋርሳዬ፣ በድዬሃለሁ። ስለ እግዚአብሔር› አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ‹ጣይው እቴ፣ አንገትሽ ይቀጫል።›

‹ይቅር ሳትለኝ አልጥልም።›

‹ይቅር ብያለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ?›

‹ንገረኝ።›

‹የታመምሽው አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እኔ ቅል በመለየት አልመለስም ነበር። ትርንጎን ይዤ፣ አንቺን ከነዳስሽ ትቼ፣ በዚያው ቀን ሰቆጣ እገባ ነበር!›

ከሳቄ ብዛት ድንጋዩ ከጫንቃዬ ወደቀ፣ ለትንሽ እግሩን ሳተው።

‹ታዲያ እርስዎስ ይቅር አሉት?› ትይኛለሽ አንቺ ሳቂታ?

እኔ? ኧረ ገና እያሰብሁበት ነው!