የጋሽ ዓለሙ ፕሮፔለር

የማስተርስ ጥናቴ በአሉሚኒየም ቅይጥ ላይ ነው። ጋሽ ዓለሙ የሚባሉ የጣና ጀልባ ነጂ ጀልባውን እየተሽከረከረ የሚገፋውን፣ የተሰበረ ፕሮፔለራቸውን ለናሙና ሰጡኝ። ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ሳየው ውስጡ በአየር ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ የተሰበረው ለዚህ ነው። ወዲያው ደወልሁላቸው። «አዲሱን ማን ሠራልዎት?» «ያው የድሮውን የሠራው ሰውዬ ነው አሉሚኒየም አቅልጦ የሠራልኝ» አሉኝ። ባጃጅ ይዤ እየከነፍሁ ሐይቁ ዳር ስደርስ ተሳፋሪ ጭነው ሊነሱ ነው። «እባክዎ ፕሮፔለሩን ይፍቱትና ይህንንም ልቁረጠው» አልኋቸው። ተሳፋሪውን አወረዱ።

ላቦራቶሪ ውስጥ አጠገቤ ቆመው ሳለ ቆረጥሁት። ደህና ሆኖ ቢገኝ የሰው መተዳደሪያ በከንቱ አበላሸሁ ማለት ነው። ግን ይሄኛውም ያው ነበር፤ ቀዳዳ በቀዳዳ። ጋሽ ዓለሙ ከማይክሮስኮፑ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ትናንት ልጆቼን ይዤ ነበር የተሻገርሁት» አሉኝ።