ይደገፋል እንጂ አይነክስም

ነይ ሎዚዬ፣ ግቢ፤ ወንበሩ ላይ አረፍ በይ። ፀሐዩ ዛሬ ምን ነካው? በአንዋር መስጊድ በኩል መጣሽ? አርብ ነው እኮ፣ ሰው አያሳልፍም። ባልዲ ፈልገሽ ነው? ተረጋግተሽ ምረጪ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መደቡ ይነሳል ተብሏል፤ ያኔ ሠርኬንም ባልዲዋንም አታገኚንም።

ኧረ ተይው እሱን! ውሻችንን አየሽው? የተራው ነጋዴ ተመካክሮ ለጥበቃ ያመጣውን? ግሬት ዴን ነው የሚባለው፤ ጥጃ ያክላል። ሻጩ "የሥራ ውሻ ነው" ሲለን፣ እኛ የመርካቶ ሰዎች ሥራ ሲባል ምን እናውቃለን... ሸክም መሰለን። ከጎኔ የሚሸጠው ናሆም "ስንት ጆንያ ይችላል?" ብሎ ጠየቀ፣ እውነቴን ነው! በሳምንቱ ዘነበና ጌታው ጭቃ አልረግጥም ብሎ ቆመ። ተሸካሚው ሙናዊር አዝሎ አሻገረው። የሥራ ውሻ በሰው ጀርባ! ሙናዊር ከታች "መንገድ! መንገድ!" ይላል፣ እሱ ከላይ ሆኖ ሰዉን በትሕትና ያያል። ግርማ ሞገሱ ግን... አይካድም።

ዘሩ እንዲህ አልነበረም አሉ። ጀርመን አገር ቅድመ አያቶቹ ከርከሮ የሚጥሉ ነበሩ። ኋላ መኳንንቱ ወደዷቸውና አንገታቸው ላይ በወርቅ የተለበጠ ማሰሪያ አድርገው መኝታ ቤት በር ላይ አስተኟቸው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ፀባያቸው ማር ሆነ። ምን ይደረግ? ምንጣፍ የለመደ ከርከሮ ያሳድዳል? እዚህ ተራም እኮ አባት ተናግረው ወደኋላ የማይሉ ነበሩ፣ ልጅ ደግሞ... ውሻውን ነው የምልሽ ሎዚ! ምነው ደነገጥሽ?

ደግሞ አንድ አመል አለው፤ ሰው ላይ ይደገፋል። ፍቅሩ ነው አሉ። ማክሰኞ ዕለት መደቦቹን የሚለኩት ሰዎች ሲመጡ "አሁን ይጮኻል" ብለን ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ሄዶ አለቃቸው ላይ ተደገፈ! ሰውዬው ለትንሽ ነው ያልወደቀው። ይሄ አልበቃ ብሎት የሜትሩን ጫፍ በጥርሱ ያዘላቸው፣ ቀጥ አድርጎ! ከኔ መደብ እስከ ባለሱቋ ሪሐና በር ለኩበት። እንዲህ ያለ ተባባሪ ከየት ይገኛል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩበት ቦታ በውሻ ጥርስ ተለካ... እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ ሦስት ልጅ ያሳደግኩበት ነዋ።

ውሻውን አልተቀየምኩትም። እሱ መቼ ቃል ገባልኝ? ስለ መደቡ መነሳት ከተጠራው ስብሰባ በፊት ግን አንድ ትልቅ ሰው... ቁመቱን ማለቴ ነው... "አይዟችሁ፣ እደግፋችኋለሁ" ብሎን ነበር። አምነን ወክለን ላክነው። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር... ይቅር። መናገሪያው ሰዓት ሲደርስ ከአለቃው ጎን ተቀምጦ ውሃ ይቀዳለት ነበር አሉ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ጥፋቱ የኔ ጆሮ ነው። ለካ ያኔ ያለን "እደገፋችኋለሁ" ነበር! አንዲት ፊደል ሰምቼ ባስተውል ኖሮ ራሴ ሄጄ እጮህ ነበር። አንቺማ ቤትሽ ተቀምጠሽ ከሁላችንም ቀድመሽ ሳትሰሚው አልቀረሽም... አይደል?

በይ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ወርሽ ገብቷል እኮ። ባልዲውን ውሰጂው፣ የሕፃኑ ማጠቢያ ይሁን፤ ከኔ ነው፣ እንቢ እንዳትዪኝ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ የኔ ቆንጆ። የሚወለደውንም ከቁመናው እስከ ፀባዩ... ቁርጥ አባቱን ታድርግልሽ!