አፈሩን የማይረሳ ደንብ

ወደ ሾዋክ የሚወስደኝን መኪና ባጣ፣ በሱዳን ጠረፍ ባሱንዳ ከአንድ ዳስ ተጠጋሁ። የሰሊጥ አጫጆች አለቃ አያ አንዳርጌ ወባ ጥሏቸው ተጋድመዋል። አጠገባቸው ኻርቱም የኮምፒውተር ትምህርት የተማረው የመንደሩ ባለ ሱቅ ልጅ በድሩ ተቀምጧል። የሚከራከሩት ጮክ ብለው ስለነበር ማዳመጤ እንደ ነውር አይቆጠርብኝም።

በልማዱ አያ አንዳርጌ ተክሉን በጣታቸው ዳስሰው ካልፈቀዱ ማጭድ አይነሣም። እርሳቸው ሲተኙ አጫጁም ተኛ። ሰሊጡ ግን አልተኛም፤ እየደረቀ ሊረግፍ ነው።

«አያ፣ ደንቡን ይስጡንና እኛው እንየው።»

«አምና ሰጥቼ የለም? ‹የታችኛው ቅጠል ሲረግፍ እጨዱ› አልሁ። ጥቁሩ መሬት አማረ፤ የአሸዋማው ፍሬ ግን ቀድሞ ረግፎ ወፍ ለቀመው።»

«ደንቡ መሬቱን መቼ ጠየቀና! እኛ ፈንክሽን የምንለው፣ አንድ ነገር ሲሰጡት ሌላ የሚመልስ ደንብ ነው። ሌላ ደንብም ይመልሳል፣ ወላሂ! እስቲ አፈር እንስጠው። ጥቁር ቢሰጡት?»

«ቅጠሉ እስኪረግፍ ጠብቅ።»

«አሸዋ ቢሰጡት?»

«ቅጠሉ ቢጫ ሲል እጨድ። አሸዋ ትዕግሥት የለውም።»

«ይኸው! ትልቁ ደንብ ትንሽ ደንብ ወለደ። ትንሹም የተወለደበትን አፈር አይረሳም፤ አጫጁ ቅጠሉን ብቻ ያሳየዋል።»

«የትንሹ ስም ማነው?»

«ስም የለውም። እንዲህ ያለውን ላምዳ ይሉታል፤ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ያገለግላል።»

«ያልተጠመቀ ደንብ!»

«ገዳሪፍ ገበያ የቀን ሠራተኛ ሲቀጥሩ ‹አንተ፣ ና› አይሉም እንዴ? ስሙን ሳይጠይቁ ስንት መሬት አሳጨዱ!»

አያ አንዳርጌ ሊስቁ ሲሉ የወባው ብርድ አንቀጠቀጣቸው። ቀስ ብለው፣

«እንግዲያ እኔ ምን ልሠራ?» አሉ።

ክርክሩ ስለ ሰሊጥ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

«ትንሹን የሚወልደው የእርስዎ ደንብ ነው። ነገ ቀይ አፈር ቢገጥመን ማንን ልንጠይቅ ነው?»

ሽማግሌው አጫጆቹን አስጠርተው ለጥቁሩም ለአሸዋማውም ደንቡን ለየብቻ ሰጡ።

መኪና ስላልመጣ እዚያው አደርሁ። ዕውቀትን በአንድ ሰው ጣት ላይ ማንጠልጠል፣ ሰውየው ሲታመም ማሳውን ሁሉ ማሳመም ነው። ደንቡን ያካፈለ ግን ፍሬውም አይረግፍበትም፣ ሠራተኛውም ቆሞ አይውልበትም፣ እርሱም መታመሚያ ጊዜ ያገኛል።

ጎሕ ሲቀድ ከአሸዋማው መሬት የማጭድ ድምፅ ተሰማ። አያ አንዳርጌ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ማን አዘዛቸው?»

«እርስዎ፣ አያ» አለ በድሩ።

ጥቂት አዳመጡ።

«ለካ ተኝቼም እሠራለሁ» አሉና ብርድ ልብሳቸውን ስበው ተመልሰው ተኙ።