የማያስፈልገው የባል ፈቃድ
የመጨረሻ ልጄን ስወልድ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሐኪሞቹ «ድጋሚ ካረገዝሽ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ስላሉኝ፣ ከሰሃላ እስከ ሰቆጣ ሆስፒታል ድረስ መጥቼ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ለመንኩ። የጤና ባለሙያው ግን «ባልሽን ይዘሽ ነይ» አይለኝም!

«ሕጉ የባል ፈቃድ አያስፈልግም ይል የለም እንዴ?» አልኩት።

«ልክ ነሽ፣ አያስፈልግም። ግን እንደማያስፈልግ ባልሽ ራሱ መጥቶ ይንገረን።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ወንድሜ፣ ያኔ በቃሬዛ ተጭኜ ስመጣ ያማጥኩት ባሌን አስፈቅጄ ነው?» ስለው፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።

አንገቱን ደፍቶ ጓንቱን አጠለቀና ቀበረልኝ። ስወጣ ተከትሎኝ መጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ «አደራሽን፣ እኔ እንዳደረግሁልሽ ለባልሽ እንዳትነግሪው» አለኝ።

«አይዞህ፣ ሕጉ ነው ያደረገልኝ እለዋለሁ» አልኩት።